ራቁቷ መኪናና ባለጎማው ቤት

ገረሱን የገደለው ወባ ነው። የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን ብቻውን ፈታትቶ ብቻውን የሚገጥም፣ ባምባሲ ውስጥ ጭቃ የያዘው መኪና ሁሉ የሚጠራው ጉልበተኛ፣ ሳምንት ሳይሞላው በትኩሳት ተቃጥሎ አለቀ። ሚስቱ በለጡ ግን የአገር ወሬ የሆነችው ባሏ ስለሞተባት አልነበረም። ባል የሞተባት ሴት ሞልታለች። ወሬ ያደረጋት የምትኖርበት ቤት ጎማ ያለው መሆኑ ነው።

ቤቱ ተሳቢ ነው። ውኃ ሊያወጡ የመጡ ፈረንጆች ከመኪናቸው ኋላ አስረው ከቦታ ቦታ ይጎትቱት የነበረ፣ በስስ ቆርቆሮና በጣውላ የተሠራ፣ ሁለት ጠባብ አልጋ፣ አንድ የሚታጠፍ ጠረጴዛና የምድጃ ቦታ ያለው ነጭ ቤት። ደርግ ሊወድቅ ሲል ፈረንጆቹ መኪኖቻቸውን እያስነሱ ወጡ። የተሳቢው ጎማ ፈንድቶ ስለነበር መካኒካቸው ለነበረው ለገረሱ ጥለውለት ሄዱ። ገረሱ ጎማውን ለወጠ፣ በሩን ሰማያዊ ቀባ፣ ከዚያ በለጡን አግብቶ አስገባት።

በለጡ የወሎ ልጅ ናት። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከእናት ከአባቷ ጋር ለሰፈራ ተጭና አሶሳ ስትደርስ ገና ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ክረምት የሣር ጎጆው እያፈሰሰባቸው መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ እናቷን ወሰደባት። ስለዚህ ዝናብ በመጣ ቁጥር የተሳቢውን ጣሪያ ቀና ብላ ታያለች። አንድም ጠብታ አያስገባም። ጎረቤቶቿ "የሳጥኗ ሙሽራ" እያሉ ሲስቁባት ምንም አይመስላትም ነበር።

ለለቅሶው ከመንዲ የመጡት አማቷ ደጊቱ ለቅሶው ሲያበቃ አልተመለሱም። የልጃቸው አልጋ ላይ ጋቢያቸውን አነጠፉና ቀሩ።

"ልጄን ወባ አልገደለውም" ይሉ ነበር ደጊቱ፣ ሰው በተሰበሰበበት። "መሬት በማይነካ ቤት የሚተኛ ሰው ምን ዕድሜ ይኖረዋል? አንቺም ማኅፀንሽ የደረቀው ለዚህ ነው።"

በለጡ የበሉበትን ሣህን አንስታ ታጥባለች። የባሏ እናት ናቸው፤ ሌላ የምትለው ዘመድም በምድር ላይ የላትም።

ያኔ ክልሉ አዲስ ነው። አሶሳ ዋና ከተማ ተብላ፣ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ የሚያድርበት አጥቶ ቢሮው ውስጥ ጠረጴዛ ገጥሞ ይተኛል። ባምባሲም የወረዳ ከተማ ሆና ቀያሾች ገመድና ችካል ይዘው ይዞራሉ። አንድ ቀን ገመዱ በበለጡ በር ፊት አለፈ። ጽሕፈት ቤት ሊሠራበት ነው፣ መስቀል ሳይደርስ ልቀቂ አሏት።

"ካሳስ? ምትክ ቦታስ?" አለች።

ከቀያሾቹ አንዱ፣ ቀጭን ወጣት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ከቤቱ ሥር አየና ቀና አለ። "ካሳ የሚሰጠው መሠረት ላለው ቤት ነው። ያንቺ እግር አለው። ጎትተሽ ሂጂ።"

ዙሪያውን የቆመው ሰው ሳቀ። ሲስቁ ካየቻቸው መካከል ገረሱ ጉድጓድ ያወጣላቸው ሰዎችም ነበሩ።

ጎትቶ መሄድ ለአፍ እንጂ ቀላል አልነበረም። ከሱዳን ድንበር አሶሳ፣ ከአሶሳ ባምባሲ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ሹፌር ኢዘዲን አንድ ቀን ቆሞ ከመኪና ጋር የሚያያዝበትን የቤቱን አንገት መረመረና ራሱን ነቀነቀ። የእሱ መኪና የመጎተቻ ጋንቾ ወፍራም ቀለበት ነው፤ የተሳቢው አንገት ግን የሚቀመጠው ትንሽ የብረት ኳስ ላይ ነው። እንዲያ ያለ ኳስ በዚያ አካባቢ ያላት አንዲት መኪና ብቻ ነበረች፤ የገረሱ ታናሽ ወንድም የሁንዴሳ መኪና። የበየደላትም ገረሱ ራሱ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች የውኃ በርሜል ጋሪ እያስጎተቱ ሊነግዱ አስበው ነበር፣ ሳይሆን ቀረ እንጂ።

የሁንዴሳን መኪና አሶሳ ውስጥ የማያውቃት የለም። አሮጌ የቤት መኪና ናት። ዛፍ ወድቆባት ጣሪያዋ ሲጨፈለቅ ሁንዴሳ በርካሽ ገዝቶ፣ የተጨፈለቀውን ጣሪያ ከነኋላ ምሰሶዎቹ በመጋዝ አስቆርጦ፣ ጫፍ ጫፉን በቆዳ ለብጦ ቀይ ቀለም አስቀባት። ከዚያ ወዲህ የሰርግ መኪና ሆነች። ሙሽራና ሙሽሪት ቆመው እጃቸውን እያወዛወዙ በዋናው መንገድ የሚያልፉባት ሌላ መኪና በክልሉ አልነበረችም። ሕዝቡ "ራቁቷ" ይላታል። ሁንዴሳ ስሙን አይወደውም፤ ዝናውን ግን ይወደዋል።

በሹፌሮች በኩል ሲላክበት በማግስቱ መጣ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ከመኪናው ሳይወርድ፣ "ግቢዬ ሰፊ ነው" አላት። "ቤቱን እዚያ እናቆመዋለን። የወንድሜ ቤት ሜዳ ላይ አይቀርም።"

በለጡ እንባዋ መጣ። ከገረሱ ሞት ወዲህ ደግ ቃል የሰማችው ያን ቀን ነበር።

ባምባሲ ግን መሰነባበቻውን ክርክር አደረገችው። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጠው ሁሉ፣ ጣሪያ የሌላት መኪና ቤት ትጎትታለች አትጎትትም እያለ ተከራከረ። አንዱ ሞተሯን ያወድሳል፤ ጭቃ የዋጠው ጂፕ ስታወጣ በዓይኑ አይቷል። ኢዘዲን ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ።

"ሞተሩን ማን ጠየቀህ?" አለ። "ጣሪያ ያላት መኪና ሳጥን ናት። ጣሪያዋን ስትቆርጠው ትሪ ትሆናለች። ትሪ ሁለቱን ጫፍ ይዘህ ብትጠመዝዘው ምን ይሆናል?"

"ሰባት ሰው ቆሞ ይጨፍርባታል!" አለ ሁንዴሳ ተቆጥቶ።

"ሙሽራ ከኋላ አይገፋም፣ ወንድሜ። ቤት ግን ቁልቁለት ላይ ይገፋል። ጣሪያዋ የተቆረጠ ዕለት ወገቧ አብሮ ተቆርጧል፤ ወላሂ እኔ ብሆን አላስራትም።"

በለጡ ሰምታለች። እንጀራ እያጠፈች በስንቅ ከረጢት ታስገባ ስለነበር ሁሉንም ሰምታለች። ግን ቀያሾቹ ችካላቸውን በደጇ ተክለው፣ ከሁንዴሳ ሌላ እጁን የዘረጋላት ሳይኖር፣ የኢዘዲንን ቃል ይዛ ምን ታደርገዋለች? ሁንዴሳን አለማመን አቃታት። አንገቱ ኳሱ ላይ ቀጭ ብሎ ሲቀመጥ እልል ያለችው እሷ ናት።

ክረምቱ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል። ጠዋት ተነሱ። ደጊቱ ከፊት ከልጃቸው አጠገብ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ፤ በለጡ ከኋላ ወንበር ላይ ከልብሷና ከስንቋ ጋር። ሜዳው ላይ መኪናዋ እንደ ምንም ጎተተችው። ልጆች እየጮኹ ተከተሉ፣ ሴቶች ከማሳቸው ቀና ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሁንዴሳ ጥሩምባ እየነፋ ዞር ብሎ ሳቀላት። በለጡም ሳቀች። ነጩ ቤቷ ከኋላዋ እየተወዛወዘ ሲከተላት፣ ኢዘዲን ይህን ባየ ብላ ተመኘች።

የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ቤቱ ገፋቸው። ሁንዴሳ ፍሬን ሲይዝ የቤቱ ክብደት ኳሱ ላይ አረፈና የመኪናዋ ፊት ቀለል አለ፤ መሪው በእጁ ውስጥ እንደ አሳ ተንሸራተተ። መሳቁን ተወ። የቀርከሃውን ጫካ አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ደግሞ ከወንበሮቹ ሥር ብረት ሲያቃስት ተሰማ። በደጊቱ በኩል ያለው በር ማንም ሳይነካው ተከፈተ። ሁንዴሳ እየነዳ እጁን ዘርግቶ ሳበው፤ አልገጠመም። በሩና ክፈፉ ተላልፈዋል። ወዲያው የፊት መስታወቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀ።

"አቁም!" ብላ ጮኸች በለጡ። "ሁንዴሳ፣ አቁም፣ ለሁለት ልትሆን ነው!"

ዳገቱ ወገብ ላይ ቆሙ። በለጡ ዘላ ወርዳ ከቤቱ ጎማዎች ኋላ ድንጋይ ታኮ አደረገች። ሁንዴሳ መኪናው ሥር በጀርባው ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ ጭቃ ለብሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ወለሏ ተቀዷል" አለ። "እንጀራዬ ተቀዷል።"

"እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ" አለች በለጡ። "ሌት ተቀን ሠርቼ አስጠግንልሃለሁ።"

ሁንዴሳ ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ መሬት ላይ ተፋና፣ "ሌት ብቻ ይበቃል" አላት።

አልገባትም። ገብቷታል፤ እንዳልገባት መሆን ፈልጋ ነው። እሱም ግልጽ አደረገው። "ቤት ልጎትት ብቻ መጣሁ መሰለሽ? የወንድሜ የሆነ ሁሉ የኔ ነው። የአባቶቻችን ሥርዓት ነው። ቤቱን ከነባለቤቱ ነው የምወስደው። ሚስቴ ታውቃለች፣ እናታችን አዮም ታውቃለች። አሁን እዚሁ እሺ በዪኝና ሰው ጠርቼ ቀስ ብለን እናወጣዋለን።"

በለጡ ወደ አማቷ ዞረች። "አዴ ደጊቱ፣ እርስዎ ይናገሩት እንጂ!"

ደጊቱ ጃንጥላቸውን አላነሱም። "እኔ ምን ልናገር? እሺ ብትዪ ምን ይጎድልብሻል? የሚያይሽ ሌላ ወንድ ያለ መሰለሽ?"

እዚህ ላይ በለጡ ዓመት ሙሉ የዋጠችው ሁሉ ወጣ። "ገረሱን ያጠብኩት እኔ ነኝ!" አለች። "አንተ በሠልስቱ ሙሽራ ጭነህ ጥሩምባ እየነፋህ ስትዞር ሰምተናል። ለወንድምህ ያላለቀስከውን ዛሬ ለብረት ልታለቅስ ነው። ካንተ ጋር ከምተኛ እዚህ መንገድ ላይ ጅብ ይብላኝ!"

ሁንዴሳ አልመታትም። ከመኪናው ኋላ ሄዶ አንገቱን ፈታው። ቤቱ በአፍንጫው ጭቃው ላይ ተደፋ፤ ውስጡ ያለው ብርጭቆና ሸክላ ሁሉ አንድ ላይ ሲንኮታኮት ሦስቱም ሰሙት። በለጡ ወደ በሩ ስትሮጥ ሁንዴሳ ሞተሩን አስነሳ።

"ጉልበቴን በረደኝ፤ እንሂድ በቃ" ሲሉ ሰማቻቸው ደጊቱን።

መኪናዋ የተከፈተ በሯን እያንኳኳች ዳገቱን ወጣች። ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በለጡ ሐሳቡን የቀየረ መሰላት። ሁንዴሳ የልብሷንና የስንቋን ከረጢት ከኋላ ወንበር አንስቶ ወደ ገደሉ ወረወረና ሄደ።

ያን ቀን ያለፉት መኪኖች አልቆሙም። አንድ ጭነት መኪና ብቻ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ከላይ የተቀመጡት ወንዶች፣ "አልጋ ይከራያል?" እያሉ ተሳስቀው አለፉ። በለጡ በዘመመው ቤቷ ደፍ ላይ ተቀምጣ ድንጋይ ጨብጣ ዋለች።

ወደ ማምሻው ከማሽላው ማሳ መሃል አንድ የበርታ ገበሬ ወጣ። ዐወድ ይባላል። ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞረው።

"እህቴ፣ ይህ ቤት ማን ጣለው?" አላት።

"የባሌ ወንድም።"

"ሰካራም ነው?"

"አይደለም።"

ዐወድ ምላሱን መታ፤ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም። "ሰካራም ይሻላል። አንተ እዚህ አታድርም፣ ሐራም ነው። የኔ እናት ጋር ታድራለህ። ነገ ሰው እንጠራለን።"

በማግስቱ የመንደሩ ጎረምሶች ቤቱን ተሸክመውም ገፍተውም መንገዱ ዳር፣ የዐወድ ማንጎ ዛፍ ሥር ያለ ለጥ ያለ ቦታ ላይ አቆሙት። ዐወድ ለውለታው የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልብስ ሣጥኑ በር ላይ የተለጠፈውን መስታወት። ነቅላ ሰጠችው። ሲያየው ለብቻው ፈገግ አለ፣ ሸሚዙ ውስጥ ከተተውና ሄደ።

ሰው በተጣለበት ቦታም እንጀራውን ያገኛል። በለጡ ሻይ አፈላች፣ ቂጣ ጋገረች። ከዐወድ እናት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ መሥራት ተማረች። መጀመሪያ የቆመላት ኢዘዲን ነው፤ በልቶ ጨረሰና፣ "እንዲያው ያልኩሽን…" ሊል ሲጀምር፣ "ያልከኝን አውቃለሁ፣ ዝም ብለህ ብላ" አለችው። ሹፌሮች ቦታውን "ጎማ ቤት" ብለው ጠሩት። የሚነካካ ሹፌር ሲመጣ የፈላ ውኃ በጣሳ ይዛ ትጠብቀዋለች፤ አንዱን አቃጥላዋለች፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልሞከረም። ከሲታዋ የወሎ ልጅ ድምፀ ሻካራ ሴት ሆነች።

ፋሲካ አለፈ። የመጀመሪያው ዝናብ ሚያዝያ ማለቂያ ላይ ድንገት ሲወርድ፣ በለጡ በመስኮቷ የጥሩምባ ድምፅ ሰማች። ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የሚሄድ ሰርግ ነው። ከፊት ራቁቷ፣ አበባ በአበባ ሆና። ሁንዴሳ ወለሏን ላሜራ አስበይዶባት፣ ቀለም አስደርቦባት ነበር። ከኋላ ሙሽራው፣ ሙሽሪት ቢታንያና ሁለት ሚዜዎች ከላያቸው ዘርግተው የያዙት ሸራ ውኃ ጠጥቶ ራሳቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከኋላቸው ሚዜዎች የጫነ አንድ ፒክአፕ ይከተላል።

መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ቁልቁለቱን ስትጀምር ጎርፍ የቦረቦረው ጉድባ ውስጥ ገባች። ትልቅ ጉድባ አልነበረም። ግን የተበየደው ላሜራ ተላቀቀና መኪናዋ መሃል ወገቧ ላይ ተሰብራ ተቀመጠች። የፊቱ ወደ ሰማይ፣ የኋላውም ወደ ሰማይ። የሙሽሪቷ እግር በተቀደደው ወለል ሾልኮ መሬት ነካ፤ ላሜራው ቁርጭምጭሚቷን ተለተለው። ነጩ ቬሎ ከታች ጀምሮ ቀላ።

በለጡ ሮጣ ደረሰች። ሙሽሪቷን ከሚዜዎቹ ጋር አውጥታ፣ ቤቷ አስገብታ፣ የገዛ ነጠላዋን ቀድዳ እግሯን አሰረችላት። ቀስ በቀስ ሰርገኛው ሁሉ ገባ፤ ቤቱ ያልበቃው በጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠጋ። መጨረሻ ላይ ሁንዴሳ ከደፉ ሥር ቆመ። ውኃ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ያቺ የማትለየው መነጽሩ ጠፍታበታለች።

"በለጡ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እባክሽ ላስጠልል።"

በሩን ይዛ ቆመች። "ትጠለላለህ። መጀመሪያ ግን መኪናህን ምን እንደሰበራት ለሰዎቹ ንገራቸው።"

"ጉድባው ነዋ…"

"ከጉድባው በፊት።"

ሁንዴሳ ዙሪያውን አየ። "ቤት… ይህን ቤት ጎትቼባት ነበር" አለ።

"ከዚያስ?"

"ወለሏ ተቀደደ።"

"ከዚያ ምን አደረግክ?"

"በለጡ፣ ስለ ገረሱ ብለሽ…"

"ስለ ገረሱ ብዬ ነው የምጠይቅህ። ከዚያ ምን አደረግክ?"

ነገራቸው። ዝናቡ እየወረደበት፣ አንድ በአንድ፣ እንዴት አንገቱን ፈትቶ እንደጣላት ተናገረ። "እምቢ ስላለችኝ" ሲል አንዱ ሚዜ ሳቀ፤ ሳቁ ተዛመተ። ሙሽራው ግን አልሳቀም። የሚስቱን እግር አይቶ ከአልጋው ጫፍ ተነሳ።

"ወለሏ የተቀደደ መሆኑን እያወቅህ ነው ሚስቴን የጫንክብኝ?" አለ።

ሚዜዎቹ ጃኬታቸውን አወለቁ። በለጡ በሩን ዘጋችው። ሁንዴሳ ከውጭ ነበር።

መጀመሪያ ደስ አላት። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አላት። የገንፎውን ድስት ጥዳ እያማሰለች የጡጫውንና የእርግጫውን ድምፅ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ሰማች። እንግዶቿ ናቸው፤ ወጥታ ተዉት ብትል ይተዉት ነበር። አላለችም። በመሃል ግን ሁንዴሳ ጮኸ። ሲናገር የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ሲጮህ ግን ድምፁ የገረሱ ነበር፣ ትኩሳቱ ሲያቃዠው ስሟን ይጠራ የነበረው ድምፅ። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። ቢታንያ፣ "እህቴ፣ ይገድሉታል እኮ" ብላ ክንዷን ያዘቻት።

በለጡ ጎንበስ ብላ ማማሰያውን አነሳች፣ አጠበችው፣ ገንፎውን ማማሰል ቀጠለች።

አልሞተም። አንድ ዓይኑን ግን አጣ። ራቁቷን ብረት ሰብሳቢዎች በቁራጭ በቁራጭ ወሰዷት። አንድ ዓይና ሹፌር የሚቀጥር ስላልተገኘ፣ ሁንዴሳ ወርቅ ይቆፈራል ወደተባለበት ወደ ድንበሩ ሄዶ ወሬው ጠፋ።

በዚያው ክረምት የኢዘዲን መኪና ጎማ ቤት ደጃፍ ቆማ ደጊቱን አወረደች። የሁንዴሳ ሚስት ናት ያስጫነቻቸው፤ እኔን ጥሎኝ የሄደን ሰው እናት ማን ያበላል ብላ። አሮጊቷ ጋቢያቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጭቃው ላይ ቆመው ቤቱን አዩት።

"ቤቱ የልጄ ነው" አሉ። "ልገባ ነው።"

"ልጅዎ ሞቷል" አለች በለጡ።

"ሌላ ልጅ አለኝ።"

"እሱም የለም።"

ደጊቱ አልለመኑም፤ በለጡ ግን ይለምኑኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደፉ ላይ ተቀመጡ። በለጡም ግቡ አላለቻቸውም። ሹፌር ሲገባ ሲወጣ እየተራመዳቸው አረፈዱ፣ ዋሉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው የገረሱን አልጋ ያሳየቻቸው። በማግስቱ የሽንኩርት ከረጢት ፊታቸው ቆለለች። "ጎማ ቤት ውስጥ ሳይሠራ የሚበላ የለም" አለቻቸው።

እንዲህ ኖሩ። አንዷ እጇን ብትዘረጋ ሌላዋን የምትነካበት ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ዓመታት። ደጊቱ ሹፌሮቹ ፊት ወጧን ያጣጥላሉ፤ በለጡ ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፍፋ ለፀሐይ ታሰጣዋለች፣ ፀሐይ ሳይኖርም። ሲታመሙ ውኃ ትሰጣቸዋለች፤ ከለመኑ በኋላ። መጨረሻቸው ሲቃረብ ግን ደጊቱ ስድቡን ተዉትና አንድ ስም ብቻ ያዙ። መኪና ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቀና ብለው፣ "ሁንዴሳ ነው?" ይላሉ። "አይደለም" ትላለች በለጡ። "ሁንዴሳ ከመጣ በሩን ክፈቺለት፤ ዝናብ ይመታዋል" ይሉ ነበር በበጋው ፀሐይ። የሞቱ ጠዋትም የጠሩት እሱን ነው። በለጡ አጠበቻቸው፤ ዐወድና ሹፌሮቹ ተሸክመው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀበሯቸው።

ሁንዴሳ የእናቱን ሞት ሰምቶ የመጣው ሣሩ መቃብሩን ከሸፈነው በኋላ ነው። በእግሩ። ራሱ ሸብቷል፤ የጠፋ ዓይኑ ላይ ጨርቅ አስሯል። በለጡ አወቀችው፤ እንደማታውቀው ሰው ሻይ ቀዳችለት። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ አጎንብሶ ተቀመጠ።

"አዮ…" አለ በመጨረሻ። "ስትሞት ስለ እኔ ምን አለች?"

በለጡ የተደፋውን ሻይ ከጠረጴዛው ላይ ጠረገች። ጨርቁን ጨመቀች።

"ምንም" አለችው። "አንድ ቀን እንኳ ስምህን አላነሱም።"

ሁንዴሳ ራሱን ነቀነቀ፣ ድሮም ያውቀው እንደነበረ ሁሉ። ሻዩን ጨረሰ፣ አመሰገናትና ወደ አሶሳ መንገዱን ያዘ።